ዕውቀት በተራ ቋንቋ፤ መጽሐፍ ጠራዡ ፋራዴይና የሳይንስ መሠረተ ሐሳቦች

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው ረዥም ትግል ያካበተው ዕውቀት የመላው የሰው ዘር የጋራ ሀብት ነው ቢባልም፣ በየዘመኑ የታየው ሁኔታ ከዚህ አባባል ጋር ሁልጊዜ ተጣጥሞ አልተገኘም። ዕውቀት በልዩ ቋንቋ ተጽፎ፣ በልዩ ምልክት ታጥሮ፣ በልዩ ሥፍራ ተቆልፎ የጥቂቶች መታወቂያ ሆኖ የቆየበት ጊዜ ብዙ ነው። በተለይም የተፈጥሮ ሳይንስ እየሰፋና እየጠለቀ በሄደ መጠን፣ ሙያው ያልሆነ ሰው «ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ማፈግፈጉ እንደ ተገቢ ነገር መቆጠር ጀመረ። የታሪክ መምህሩም ሆነ ሠዓሊው ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊው ኤሌክትሪክ ከየት እንደሚመነጭ፣ ብርሃን እንዴት እንደሚጓዝ፣ ሻማ ሲነድ ሰሙ የት እንደሚገባ አለማወቁ ብዙም አያሳፍረውም። የሚያሳፍረው መጠየቁ ነው።

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው የአበው ብሂል ግን ሌላ መንገድ ያመለክታል። የዚህን ብሂል እውነተኛነት ከሚያረጋግጡት የሳይንስ ታሪክ ምዕራፎች አንዱ የእንግሊዛዊው የማይክል ፋራዴይ የሕይወትና የሥራ ታሪክ ነው። ይህ ሰው ከድሀ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ተወልዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ፣ ከፍተኛ ሒሳብ ሳይማር ዛሬ ዓለም የሚሠራበትን የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሠረተ ሐሳብ አግኝቷል። ይሁንና ታሪኩ የአንድ ድንቅ ሰው ገድል ብቻ አይደለም። የሳይንስን መሠረታዊ ሐሳብ «መረዳት» ማለት ምን ማለት ነው? ሙያው ያልሆነ ሰው ወደዚያ ሊደርስ የሚችለው በየትኛው መንገድ ነው? ባለሙያውስ ለሕዝቡ ምን ዕዳ አለበት? የሚሉት ጥያቄዎች በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ተነሥተው መልስ ያገኙ በመሆናቸው ነው ታሪኩ ሊመረመር የሚገባው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃው የተዘጋበት አዳራሽ

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ እንግሊዝ በኢንዱስትሪ አብዮት ማዕበል ውስጥ ነበረች። የእንፋሎት ሞተርና የጥጥ መፍተያ መኪና የአገሪቱን መልክ ሲለውጡ፣ የመኪናዎቹን አሠራር የሚያውቁ እጆች ያስፈልጉ ነበር። በ1799 በለንደን ከተማ ሮያል ኢንስቲቲዩሽን የተባለው የሳይንስ ተቋም ሲመሠረት፣ ከዓላማዎቹ አንዱ የሳይንስን ግኝቶች ለዕለት ተዕለት ኑሮ ማዋልና ማሠራጨት ነበር። የተቋሙን ሕንፃ የነደፈው ቶማስ ዌብስተርም የእጅ ሙያተኞች ከጎዳና በቀጥታ ገብተው ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ትምህርት የሚከታተሉበትን ልዩ የድንጋይ ደረጃ አሠራ።

ደረጃው ግን ብዙ አላገለገለም። ዌብስተር በኋላ እንደጻፈው፣ ለዝቅተኛው የኅብረተሰብ ክፍል ሳይንስ ማስተማር አደገኛ የፖለቲካ አዝማሚያ ያለው ነገር ሆኖ ስለታየ፣ ዕቅዱ ድምፅ ሳይሰማ እንዲቀር ተደረገ። ይህ የሆነው የፈረንሳይ አብዮት ድንጋጤ ከባለሀብቶች ልብ ባልወጣበት ወቅት ነው። አዳራሹ ለመግቢያ ከፍለው በሠረገላ የሚመጡ ወይዛዝርትና መኳንንት መናኸሪያ ሆነ።

እንግዲህ የሳይንስን መሠረተ ሐሳብ ለሁሉም የማዳረስ ጉዳይ ገና ከጅምሩ የማስተማር ዘዴ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ማን ይወቅ? ማን አይወቅ? የሚለው የኅብረተሰብ ጥያቄ አብሮት ተወልዷል። የሮያል ኢንስቲቲዩሽን ታሪክ አስደናቂ የሚሆነውም ለሙያተኛው ደረጃውን በዘጋው በዚያው ቤት ውስጥ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ከሁሉም የላቀውን ሥራ የሠራው የብረት ቀጥቃጭ ልጅ መሆኑ ነው።

በጠረዛው ጠረጴዛ ላይ

ማይክል ፋራዴይ መስከረም 22 ቀን 1791 ከለንደን ዳርቻ በምትገኝ ኒውንግተን በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ጄምስ ጤና ያልነበረው ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ኑሮ ይተዳደር ነበር። በ1801 የእህል ዋጋ በናረበት ወቅት ልጁ ለሳምንት የሚደርሰው አንድ ዳቦ ብቻ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ያወሳሉ። ትምህርቱም ማንበብ፣ መጻፍና መጠነኛ ሒሳብ ከመቁጠር አላለፈም።

በ1804 ጆርጅ ሪቦ በተባለ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው በኪራይ የሚነበቡ ጋዜጦችን ወደየቤቱ ማድረስና መልሶ መሰብሰብ ነበር። በዓመቱ አሠሪው ያለ ክፍያ ተቀብሎት ለሰባት ዓመት የጠረዛ ሙያ ተለማማጅ ሆነ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ከአብዛኞቹ ተለማማጆች የለየው ነገር ቢኖር፣ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት መስፋትና መለጎም ብቻ ሳይሆን ማንበቡ ነው። ከእነዚህም ውስጥ ሁለቱ የሕይወቱን አቅጣጫ ወሰኑ። አንደኛው በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ውስጥ የሚገኘው ስለ ኤሌክትሪክ የሚናገር ጽሑፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጄን ማርሴት የተባለች ሴት በ1806 ያሳተመችው «ስለ ኬሚስትሪ የተደረጉ ውይይቶች» የተሰኘ መጽሐፍ ነው።

የማርሴት መጽሐፍ አጻጻፍ ሊተኮርበት ይገባል። ማርሴት ራስዋ የኬሚስትሪ ባለሙያ አልነበረችም። በሮያል ኢንስቲቲዩሽን የሚሰጠውን የዝነኛውን የኬሚስት የሀምፍሪ ዴቪን ትምህርታዊ ንግግር ስትከታተል፣ ሙከራዎቹ በፍጥነት እየተፈራረቁ ሐሳቡ ይጠፋባት ነበር። በኋላ ግን ከወዳጅ ጋር ተቀምጣ ስትጠያየቅበትና ሙከራዎቹን ስትደጋግም ነገሩ እየጠራላት ሄደ። ከዚህ ተሞክሮዋ ተነሥታ ነው ወይዘሮ ብራያን የተባለች መምህርት ኤሚሊና ካሮሊን ከተባሉ ሁለት ልጃገረዶች ጋር የምትወያይበትን መጽሐፍ የጻፈችው። ልጃገረዶቹ ይጠይቃሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይከራከራሉ። መምህርቲቱም አንዱ ሳይገባቸው ወደ ሌላው አትሻገርም። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ዝግ ስለነበር መጽሐፉ በይበልጥ የታሰበው ለእነርሱ ነው። ማርሴትም ለብዙ ዓመታት ስሟን በሽፋኑ ላይ አላወጣችም።

ፋራዴይ ይህን መጽሐፍ ሲያነብ በቃሉ ለመያዝ አልተጣደፈም። የተጻፈው እውነት መሆኑን በአቅሙ በሚያገኛቸው ጥቃቅን ዕቃዎች እየሞከረ አረጋገጠ። ማርሴት በ1858 ከሞተች በኋላ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ እንዳስታወሰው፣ በመጽሐፉ ያለውን ነገር ሞክሮ እርግጠኛ ሆኖ ሲያገኘው የኬሚስትሪ ዕውቀት መልሕቁን የጣለበት ያህል ተሰምቶት አጥብቆ ያዘው። በ1812ም የመዳብ ሳንቲሞችን ከዚንክ ቁራጮች ጋር እያፈራረቀ፣ በመካከላቸው በጨው ውኃ የተነከረ ወረቀት እያደረገ በገዛ እጁ ባትሪ ሠራ።

ሌሎች ሰዎችም እጃቸውን ዘርግተውለታል። እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የነበረው ወንድሙ ሮበርት ጆን ቴተም በተባለ መምህር ቤት ለሚሰጠው የሳይንስ ትምህርት መግቢያ አንድ አንድ ሺልንግ ይከፍልለት ነበር። ከሪቦ ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረው ማስኬርዬ የተባለ ሠዓሊ ደግሞ ነገሮችን በርቀትና በቅርበት መጠን አስተካክሎ የመሣልን ዘዴ አስተማረው። ይህ ለሥዕል ሰዎች ልዩ ትርጉም ያለው ጉዳይ ነው። ምክንያቱም ፋራዴይ በኋላ ዘመኑ ተፈጥሮን የተረዳው በቀመር ሳይሆን በዓይነ ሕሊናው በሚሥለው ሥዕል ነበርና።

በ1812 ከሪቦ ደንበኞች አንዱ ዴቪ የሚሰጣቸውን አራት ትምህርታዊ ንግግሮች እንዲሰማ የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ፋራዴይ የሰማውን በጥንቃቄ ጽፎ፣ በሥዕል አስደግፎ፣ በሙያውም ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። መጋቢት 1 ቀን 1813 በሮያል ኢንስቲቲዩሽን የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በዚያው ዓመት ከዴቪ ጋር ወደ አውሮፓ አህጉር ሲጓዝ የሳይንስ ረዳትም አሽከርም ሆኖ እንዲያገለግል ተደረገ፤ የዴቪ ባለቤትም ከአገልጋዮች ለይታ አላየችውም። ይህን ሁሉ ችሎ አምፔርንና ቮልታን የመሳሰሉ ሊቃውንትን አግኝቶ በ1815 ተመለሰ።

የብረቱ ቀለበት

የፋራዴይን ዋና ሥራ ለመረዳት ከአንድ ቀላል ጥያቄ መነሣት ይበቃል። በ1820 የዴንማርኩ ተወላጅ ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚፈስበት ሽቦ በአጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያዞር ደረሰበት። እንግዲያው ኤሌክትሪክ ማግኔትነትን የሚፈጥር ከሆነ፣ ማግኔት በተራው ኤሌክትሪክን ሊፈጥር አይችልምን? ይህን ጥያቄ ማንም ሰው ሊጠይቀው ይችላል። መልሱን ለማግኘት ግን ዓመታት ፈጀ።

ነሐሴ 29 ቀን 1831 ፋራዴይ ከብረት በተሠራ ቀለበት ግራና ቀኝ ጎን ላይ ሁለት የተለያዩ የመዳብ ሽቦዎችን ጠመጠመ። ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸው አይነካኩም። አንደኛውን ከባትሪ ጋር ሲያያይዝ ከሁለተኛው ሽቦ አጠገብ የተቀመጠው መርፌ ነቅነቅ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባትሪው እንደተያያዘ ሲቆይ መርፌው ዝም አለ። ሽቦውን ሲያላቅቀው መርፌው እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን አቅጣጫው ተቃራኒ ነበር። የብዙዎችን ዓይን የጋረደው ምሥጢር ይኸው ነው። ሊቃውንቱ ማግኔቱ ባለበት ረግቶ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ እንዲሰጣቸው ይጠብቁ ነበር። ተፈጥሮ ግን የምትመልሰው ለለውጥ ነው። ማግኔትነቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ፣ ሲቀርብ ወይም ሲርቅ ብቻ ኤሌክትሪክ ይነሣል።

ጥቅምት 17 ቀን ፋራዴይ ቀጥ ያለ ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ መርፌው በየጊዜው ሲንቀሳቀስ ተመለከተ። ጥቅምት 28 ቀን ደግሞ የመዳብ ሰሌዳ ክብ በታላቅ ማግኔት ጫፎች መካከል እያሽከረከረ ሳያቋርጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ አገኘ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሠረተ ሐሳብ ተጨበጠ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ተገንብቶ በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ማመንጫም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ውኃው ተርባይኑን ያዞራል፤ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል መካከል ያለው ሁኔታ ያለማቋረጥ ይለወጣል፤ ከለውጡም ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ይህን ሦስት ደረጃ ያለው ሐሳብ በሚገባ የጨበጠ መምህር አንድም ቀመር ሳይጽፍ የነገሩን ሥር ይዟል ለማለት ይቻላል።

ፋራዴይ ሐሳቡን የገለጸበት መንገድም ከግኝቱ ባልተናነሰ የሚደነቅ ነው። ማግኔት ላይ ወረቀት ዘርግቶ በላዩ በሞረድ የተፋቀ የብረት ብናኝ ቢነሰንስ፣ ብናኙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በሚጎብጡ መስመሮች ይደረደራል። ሌሎች ይህን እንደ ጨዋታ ሲያዩት፣ ፋራዴይ «የኃይል መስመሮች» ብሎ ሰየማቸውና የማሰቢያው መሣሪያ አደረጋቸው። ሽቦው እነዚህን መስመሮች ሲያቋርጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል። ከዚያ በኋላ በ1845 በማግኔት ዙሪያ ያለውን ሥፍራ «መስክ» ሲል ጠራው። ቃሉ በእንግሊዝኛ አርሶ አደሩ ለማሳውና ለግጦሽ ሣሩ የሚጠቀምበት ተራ ቃል ነው፤ በአማርኛም «መግነጢሳዊ መስክ» ሲባል የከብቶች መሰማሪያ የሆነው ያው ቃል የሳይንስን ሸክም ተሸክሟል። ተራው ቃል በማይበቃበት ጊዜ ደግሞ ፋራዴይ ሁለገብ ምሁር የነበረውን ዊልያም ሂዌልን አማክሮ በ1834 ኤሌክትሮድ፣ አኖድ፣ ካቶድና አዮን የሚሉትን ቃላት ከግሪክኛ ሥር አውጥቶ አቋቋመ። ቃላቱ ዛሬ በኢትዮጵያ የኬሚስትሪ ክፍሎች ሳይቀሩ እንዳሉ ይነገራሉ። ሳይንስ ከቋንቋ ሥራ ተለይቶ የማይሄድ መሆኑን ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የሽማግሌውና የወጣቱ መጻጻፍ

ይሁን እንጂ የኃይል መስመሮቹ ሐሳብ ወዲያውኑ ተቀባይነት አላገኘም። በዘመኑ የነበሩ የሒሳብ ሊቃውንት የፋራዴይን ሙከራዎች ሲያደንቁ፣ ሐሳቡን ግን ሒሳብ ያልተማረ ሰው የሚደገፍበት ምርኩዝ አድርገው ቆጠሩት። ለእነርሱ ማግኔት በሩቅ ያለውን ብረት የሚስበው በመካከሉ ምንም ነገር ሳይኖር ነው። ፋራዴይ ግን በመካከል ያለው ሥፍራ ራሱ የሥራው ተካፋይ ነው ይል ነበር።

ይህን ሐሳብ በቁም ነገር ከተቀበሉት ሰዎች ቀዳሚው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። የተወለደው ፋራዴይ የብረት ቀለበቱን ሙከራ ባደረገበት በ1831 ነው። በሒሳብ የተካነው ይህ ወጣት፣ በኋላ እንደመሰከረው፣ የፋራዴይን ጽሑፎች አንብቦ ሳይጨርስ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈ አንድም የሒሳብ ሥራ ላለማንበብ ወስኖ ነበር። በ1855 እና በ1856 የፋራዴይን የኃይል መስመሮች በሒሳብ የሚገልጽ ጽሑፍ አቅርቦ ለአረጋዊው ላከለት። ፋራዴይ በ1857 መጋቢት በሰጠው መልስ፣ ያ ሁሉ የሒሳብ ኃይል በሐሳቡ ላይ ሲዘምት አይቶ መጀመሪያ ፈርቶ እንደነበር፣ ሐሳቡ ጸንቶ መቆሙን ሲያይ ግን እንደተደነቀ ገለጸ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ፋራዴይ ለማክስዌል በጻፈው ሌላ ደብዳቤ ያነሣው ጥያቄ ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የሒሳብ ሊቅ የተፈጥሮን አሠራር መርምሮ ወደ ድምዳሜ ከደረሰ በኋላ፣ ያንኑ ድምዳሜ በቀመር የገለጸውን ያህል ምሉዕና ግልጽ አድርጎ በተራ ቋንቋ ሊናገረው አይችልምን? እንዲህ ቢደረግ እንደ እርሱ ያሉት ሰዎች ሐሳቡን ተቀብለው በሙከራ ሊሠሩበት ይችሉ እንደነበር ገለጸ። የማክስዌልንም ጽሑፎች በተመለከተ፣ የሒሳቡን እያንዳንዱን እርምጃ መከተል ባይችልም ከድምዳሜው ግልጽ የሆነ ሐሳብ እንደሚያገኝ መሰከረለት።

ይህን የጠየቀው ሰው በዚያን ጊዜ የስድሳ ስድስት ዓመት አረጋዊና በኤሌክትሪክ ጉዳይ ከዘመኑ ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ነበር። የተጠየቀው ደግሞ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። ታላቁ ሊቅ አልገባኝም ለማለት አላፈረም። ከዚህ ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ ተራ ቋንቋ የሚጠየቀው ሐሳብን ለማሳነስ ሳይሆን ሌላው ሰው ተረክቦ እንዲሠራበት ነው። ሁለተኛ፣ ቀመሩን መከተልና ድምዳሜውን መረዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የባለሙያው ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለጠያቂ ሁሉ ክፍት ሊሆን ይገባዋል።

ይህ ሲባል ግን ተራው ቋንቋ ለሁሉም ነገር ይበቃል ማለት አይደለም። ታሪኩ ራሱ ይህን አይፈቅድም። ፋራዴይ በ1846 ብርሃን የኃይል መስመሮች ንዝረት ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ቢያቀርብም፣ ግምቱን ከዚያ በላይ ሊያራምደው አልቻለም። በ1861 እና በ1862 ማክስዌል ባወጣቸው ጽሑፎች በስሌት ሲደርስበት ግን፣ በኤሌክትሪክና በማግኔት መስክ ውስጥ የሚያልፈው ሞገድ ፍጥነት ከተለካው የብርሃን ፍጥነት ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ጀርመናዊው ሄርትዝ ሞገዱን በቤተ ሙከራ አሳየ። የሬድዮ ዘመን በር የተከፈተው በዚህ መንገድ ነው። ሥዕሉና ቃሉ የፋራዴይ፣ ስሌቱ የማክስዌል፣ ማረጋገጫው የሄርትዝ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሥራው ከዳር ባልደረሰ።

ሻማውና የሚዞረው ጠረጴዛ

ፋራዴይ በቤተ ሙከራው ያገኘውን ይዞ ወደ ሕዝብ የተመለሰ ሰው ነው። በ1825 የተጀመረውን የገና በዓል የወጣቶች ትምህርት ከ1827 እስከ 1861 ድረስ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰጥቷል። ከእነዚህም ዝነኛው በ1848 እና በ1860 የገና ሰሞን ያቀረበው የሻማ ትምህርት ነው። ትምህርቱ በ1861 በመጽሐፍ ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል።

ፋራዴይ ለምን ሻማን መረጠ? ሻማ በእያንዳንዱ ቤት የሚገኝ፣ ማንም በየምሽቱ የሚያየው፣ ግን የማያስተውለው ነገር ስለሆነ ነው። የነበልባሉ ሙቀት ሰሙን ያቀልጠዋል፤ ከታች ወደ ላይ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ግን የሻማውን ጠርዝ ስለሚያቀዘቅዘው በአናቱ ላይ ጽዋ የመሰለ ጎድጓዳ ይፈጠራል። የቀለጠው ሰም ጫፉ ውኃ ውስጥ የገባ ጨርቅ ቀስ በቀስ እንደሚርስ ሁሉ በክሩ አማካይነት ሽቅብ ይወጣል። ከዚያም ወደ ተን ይለወጣል፤ የሚነደውም ይኸው ተን ነው። ለዚህም ማስረጃው፣ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ በነበልባሉ ጨለማ መካከል ቢገባ ተኑ በቱቦው አልፎ በሌላው ጫፍ ሊለኮስ መቻሉ ነው። ብርሃኑ የሚመነጨው ግለው ከሚያበሩ ጥቃቅን የካርቦን ብናኞች ሲሆን፣ እነዚያው ብናኞች ሳይቃጠሉ ሲያመልጡ ጥላሸት ይሆናሉ።

ሰሙስ የት ይገባል? ፋራዴይ ቀዝቃዛ ዕቃ በነበልባሉ አናት ላይ ይዞ የውኃ ጠብታ ሲያቅር ለልጆቹ አሳየ። ከነበልባሉ የሚወጣው አየር የኖራ ውኃን ወተት አስመስሎ ሲያነጣውም አሳየ። ይህም ካርቦን ዳይኦክሳይድ መኖሩን ያመለክታል። በመጨረሻም በሌላ የኖራ ውኃ ውስጥ የሰው እስትንፋስ ሲነፋበት ያው ንጣት ታየ። የሰው አካልም ምግብን ከአየር ጋር እያዋሐደ ሙቀት ያገኛል፤ በዚህም ከሻማው ጋር ይመሳሰላል ሲል አስረዳ። ልጆቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ዕፅዋት የተነፈሰውን አየር መልሰው እንደሚጠቀሙበትና ሕይወት ያለው ሁሉ እርስ በርሱ እንደተሳሰረ ተገንዝበዋል። አንድ ሻማ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት መግቢያ ሆነ።

በዚህ መካከል በ1853 በለንደን አንድ እንግዳ ነገር ተስፋፋ። ሰዎች ክብ ሠርተው እጃቸውን በጠረጴዛ ላይ ሲያሳርፉ ጠረጴዛው ራሱ ይዞራል ተባለ። አንዳንዱ መንፈስ ነው ሲል፣ አንዳንዱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው እያለ የፋራዴይን ምስክርነት ጠየቀ። ፋራዴይ ሰዎቹን አልዘለፈም። በእጃቸውና በጠረጴዛው መካከል ለስላሳ ማጣበቂያ የተቀቡ ካርቶኖችን ደረደረ። ጠረጴዛው በራሱ የሚዞር ከሆነ የታችኛው ካርቶን መቅደም ነበረበት፤ የቀደመው ግን የላይኛው ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ ሳይታወቃቸው የሚገፉት ራሳቸው ነበሩ። የእጃቸውን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ጠቋሚ ፊት ለፊታቸው ሲደረግ ደግሞ ጠረጴዛው ጨርሶ መዞሩን አቆመ። ውጤቱን በታይምስ ጋዜጣ ላይ አሳተመው።

በተከታዩ ዓመት ስለ አእምሮ ትምህርት ባደረገው ንግግር ከዚህ የቀሰመውን አስፍቶ አቀረበ። የሕዝቡ ጉድለት የማሰብ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ የጎደለው የማመዛዘን ልምድ ነው። ሰው የሚመኘውን ነገር ለማመን ይቸኩላል፤ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ፍርድን ማቆየት ደግሞ ይከብደዋል። ይህን ልማድ ማረም የሚቻለው በራስ ላይ በሚደረግ ሥልጠና ነው አለ። ስለዚህ የሳይንስን መሠረተ ሐሳብ ማወቅ የሚጠቅመው የመኪናን አሠራር ለመረዳት ብቻ አይደለም። ሰው በራሱ ምኞት እንዳይታለል መጠበቂያም ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ፋራዴይ ለሁለት ጊዜ ያህል የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ቢጠየቅ አልተቀበለም። የባላባትነት ማዕረግም አልወሰደም። ነሐሴ 25 ቀን 1867 ሲሞት በስሙ ላይ የተጨመረ የባላባትነት ማዕረግ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ታሪኩን ሲመለከቱ «ድሀ ሁሉ ቢጥር ፋራዴይ ይሆናል» ወደሚል ቀላል መደምደሚያ መሄድ ስሕተት ነው። የመጽሐፍ ሱቁ፣ የወንድሙ ሺልንግ፣ የሠዓሊው ትምህርት፣ የደንበኛው የመግቢያ ወረቀት ባይኖሩ ኖሮ ያ ተለማማጅ ጠራዥ ሆኖ በቀረ ነበር። በዚያው ዘመን እንደ እርሱ እየጠየቁ ደጁ የተዘጋባቸው ስንት እንደነበሩ የሚቆጥር መዝገብ የለም። የገና ትምህርቱ አዳማጮችም ቢሆኑ በአብዛኛው መክፈል የሚችሉ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። ሠራተኞች በ1823 በለንደን የተቋቋመውን የሙያተኞች ትምህርት ቤት ያጥለቀለቁት የዕውቀት ጥማቱ ሳይጎድል ደጁ ጠብቦባቸው ስለነበር ነው።

ከዚህ ታሪክ በግልጽ የሚወጣው፣ መሠረታዊ የሳይንስ ሐሳብን መረዳት ሦስት ነገሮችን የሚጠይቅ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ማርሴት እንዳደረገችው ያልገባን ነገር አልገባኝም ብሎ እስኪጠራ መጠያየቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ፋራዴይ በሳንቲሞቹ እንዳደረገው በእጅ ባለው ዕቃ መሞከርና የተጻፈውን በዓይን ማረጋገጥ ይገባል። ሦስተኛው የተረዱትን ለሌላው በሚገባው ቋንቋ መንገር ነው፤ በገዛ ቋንቋው ሊያስረዳው ያልቻለ ሰው ሐሳቡን ገና በሙሉ አልጨበጠውምና። ከእነዚህ አንዳቸውም የሙያ ማዕረግ አይጠይቁም።

የባለሙያው ድርሻ ደግሞ ፋራዴይ ለማክስዌል ባቀረበው ጥያቄ ውስጥ ተገልጿል። ቀመሩን ለሥራው ይጠቀምበት፤ ድምዳሜውን ግን ለሕዝብ ያስረክብ። መምህሩ፣ ደራሲውና የኪነ ጥበብ ሰው በዚህ ርክክብ ውስጥ ከዳር ቆመው የሚመለከቱ አይደሉም። «መስክ» እና «የኃይል መስመር» የተባሉት ቃላት እንደሚያሳዩት ረቂቁን ሐሳብ የሚያስጨብጠው ትክክለኛ ቃልና ትክክለኛ ሥዕል ነው፤ ቃልና ሥዕል ደግሞ የእነርሱ ሥራ ነው። ዌብስተር ያሠራው የድንጋይ ደረጃ በአንድ ውሳኔ ተዘግቷል። በቋንቋ የሚሠራው ደረጃ ግን በየመማሪያ ክፍሉ፣ በየመጽሔቱና በየመድረኩ አዲስ ትውልድ በተነሣ ቁጥር እንደገና የሚሠራ ነው። ሥራውም የሚጀምረው ተማሪው «ሻማው ሲነድ ሰሙ የት ይገባል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መምህሩ ሳይቆጣና ሳያፍር ሻማውን አምጥቶ አብሮት ሲለኩስ ነው።